የባልቴቷ አነሣስ ሥልጠና

ለሴቶች ብቻ በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ወንድ ተልኮ ያየች ሴት ብትቆጣ ማን ይፈርድባታል? ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ፣ አጉረምርሞ፣ ሲሰነብት ይረሳዋል። ችካል ግን አልረሳችም። ነገሩን ሆዷ ውስጥ ቋጥራ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር እየፈታች እያየችው መልሳ ትቋጥረዋለች።

ችካል የወጣላት ስም ነው። አንዴ አንድ ነገር ላይ ከተተከለች በልመናም በመዶሻም ስለማትነቀል ባልደረቦቿ እንዲያ ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው የሚሏት፣ ነፍሳቸውን ስለሚወዱ። ትምህርቷ ከፊደል ብዙም አልዘለለም። ጽሑፍ ስታነብ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው፤ ያነበበችውን ግን አትለቀውም።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ነው። አንድ ጊዜ ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ከየክፍሉ አንዲት ሴት ሠራተኛ ለአመራር ሥልጠና ትላክ ተባለ። በክፍሉ ያሉት ሴቶች ሁለት ናቸው፤ እሷና ካውያ የሚሏት ልብስ ተኳሿ። የሥልጠና ደንቡ ደግሞ «ለሥልጠና የሚላከው መቅረቱ ሥራ የማይበድል ሠራተኛ ይሁን» ይላል። የክፍሉ አለቃ አገጩን እያሻሸ አሰበ። ችካል ከሄደች ማጠቢያ ማሽኗን የሚያስነሣ የለም። ካውያ ከሄደች የሐኪሞቹ ጋዎን ተጨማዶ ይሰነብታል። ወንዱ ልብስ አጣፊ ቢላክ እንኳ አንሶላው ተራራ ይሆናል። ታዲያ በዚህ ክፍል ውስጥ መቅረቱ ምንም የማይበድል ሰው ማነው? አለቃው ዞር ዞር ብሎ ቢፈልግ ራሱን አገኘ። ሄደ።

ሲመለስ ደረቱ ላይ «እኔ ብርቱ ሴት ነኝ» ተብሎ የታተመበት ሐምራዊ ካናቴራ ለብሶ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ አለቃ!» አለች ካውያ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አጣፊው የያዘውን አንሶላ ፊቱ ላይ አድርጎ ነው የሳቀው። ችካልም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ደረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደግማ አነበበችው።

አለቃው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ያልሠለጠነው ነገር የለም። የመጀመሪያ እርዳታ ሠልጥኖ በመጣ ሰሞን የካውያን ጣት መርፌ ወጋት፤ የደሟን ጠብታ አይቶ ራሱን ሳተና እርዳታውን እነሱ ሰጡት። የግጭት አፈታት ሠልጥኖ የመጣ ዕለት ከበር ጥበቃው ጋር አንገት ለአንገት ተያያዘ። የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠናው ላይስ አርፍዶ ስለደረሰ የመክፈቻው ሻይ አመለጠኝ ብሎ ወር ሙሉ ሲቆጭ ከረመ። ደንቡ «ሠልጥኖ የተመለሰ ያገኘውን ዕውቀት ያካፍላል» ስለሚል፣ በተመለሰ ቁጥር ባዶ የሳሙና ሣጥን ላይ ቆሞ ያካፍላቸዋል።

«ቁርስ ላይ እንቁላሉን እናንተ በፈለጋችሁት ዓይነት ነው የሚጠብሱላችሁ። ቆመው ይጠይቋችኋል እኮ!»

«ትምህርቱስ፣ አለቃ?» ትላለች ችካል።

«ትምህርቱማ ሰፊ ነው» ብሎ ይወርዳል።

ክፉ ሰው አይደለም። ሥልጠና ሲባል ግን ልጅ ሠርግ ሲባል እንደሚሆነው ነው የሚሆነው፤ መላ ሰውነቱ ይስቃል።

አሁን የችካልን ማሽን ማወቅ ያስፈልጋል። ባልቴቷ ይሏታል። ሆደ ሰፊ፣ አሮጌ፣ ቀለሟ የተላላጠ ብረት ናት። በሩን ዘግተው ቁልፉን ሲጫኑ ትንሽ ታጉረመርምና ጸጥ ትላለች። ያኔ ጎኗን በዳሌ መግፋት ነው። ጠንከር ካደረጉት ታኮርፋለች፤ ከለዘበ መልሳ ትተኛለች። ችካል ታዲያ ልክ በልኩ ገፋ እያደረገች «ተነሺ እሜቴ» ትላታለች፤ ባልቴቷም ትነሣለች። ዋናው ዳሌው ነው ይላል አጣፊው። ቃሉም አለበት ትላለች ችካል።

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነገሩ መረረ። ሆስፒታሉ አዳዲስ ማሽኖች ገዛ፤ ብርሃን የሚያበሩ፣ ቁልፋቸው የበዛ። ከእጥበት ክፍል አንድ ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ሳምንት ሠልጥኖ ይረከባቸዋል ተባለ። በዚያው ሰሞን ደንቡ ላይ አዲስ አንቀጽ ተጨመረ። ችካል የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆማ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ለሥልጠና አይላክም። ሃምሳ ልትደፍን የቀሯት ወራት ጥቂት ናቸው። ዘንድሮ ካልሄደች አልሄደችም ማለት ነው።

«ይኸውልሽ» አለቻት ለካውያ፣ «እስከዛሬ ምትክ የለሽም ሲሉኝ ኖሩ፤ ነገ ደግሞ አረጀሽ ሊሉኝ ነው። መሃል ላይ የነበረውን ጊዜ ማን በላው?»

«አለቃችን በላው! ከእንቁላሉ ጋር።»

ችካል ሽርጧን ፈታ ወደ ሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ወጣች፤ እርጥብ ጫማዋ በየደረጃው ሲጥ ሲጥ እያለ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው አይዋት።

«እትዬ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«ልሠለጥን ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«አዲሱን ማሽን። ከጠፋም ሌላውን፤ እኔ አላማርጥም።»

ኃላፊዋ ሳቅ አመለጣቸው። «እኔ ብልክሽ ደስታዬ ነው፣ የኔ እናት። ግን ደንቡን ታውቂዋለሽ። መቅረትሽ ሥራ እንደማይበድል አለቃሽ ይፈርምልኝ።»

«መሄድ የሚፈልገው እሱ! ፈራሚው እሱ! ቀበሮን በግ ጠብቂ እንደማለት ነው እኮ!»

«ምን ላድርግ፣ እኔ ደንብ አስፈጻሚ ነኝ እንጂ ደንብ አውጪ አይደለሁም።»

ወደ አለቃው ወረደች። አለቃው ጠረጴዛው ላይ የእስክሪብቶ ስብስቡን እየደረደረ ነበር፤ ከየሥልጠናው ያመጣው ነው።

«አንቺን ልልቀቅ?» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እህቴ፣ አንቺ እኮ የዚህ ክፍል ምሰሶ ነሽ!»

«ምሰሶነቱ ሰለቸኝ፣ አለቃ። ምሰሶ እኮ እንግዳው ሁሉ ሲበላ ቆሞ ነው የሚያየው።»

«ባልቴቷን ማን ያስነሣታል? በሽተኛው ምን ላይ ይተኛ? እኔ ብቀር ግን...» ቆም ብሎ አሰላሰለ፤ «እኔ ብቀር ምንም ችግር የለም!» አለ በኩራት።

ሰው ባለመፈለጉ ደረቱን ሲነፋ ማየት ያስቃል፤ ችካል ግን በዚያች ሰዓት አልሳቀችም። ደም ሥሯ ተገትሮ ቤቷ ገባች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አፉ ውስጥ ስፒል ይዞ ነው ነገሩን ሁሉ የሰማት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ሲያበቃ፣

«ጥፋቱ የራስሽ ነው» አላት።

«የኔ? ኧረ ጉድ ነው! የኔ ነው የምትለኝ?»

«ቁጭ በይ፣ አትነሽብኝ። እኔ ረዳቴ ጨርቅ መቁረጥ እስኪለምድ ድረስ ለቅሶ ደርሼ አውቅ ነበር? መቀሴን ለማንም አላስነካ ብዬ የአጎቴ ቀብር አመለጠኝ። በማግስቱ መቀሱን አስጨበጥኩት። አንቺም ባልቴቷን ለሰው አስጨብጫት። ያኔ እንደ አለቃሽ የማትፈለጊ ሰው ትሆኛለሽ።»

የችካል ፊት እንደ መብራት ቦግ አለ።

«የማልፈለግ! አፍህ ቅቤ ይጠጣ!»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ማሠልጠን ጀመረች። መጀመሪያ ካውያ ሞከረች። ካውያ ቀጭን ናት፤ ነፋስ ባለበት ቀን የልብስ ማስጫውን ሽቦ ይዛ የምትሄድ ሴት። ባልቴቷን በዳሌዋ ስትገፋት ባልቴቷ ንቅንቅ አላለችም፤ ካውያ ናት ተመልሳ ፎጣ የሞላው ቅርጫት ውስጥ የተቀመጠችው። ከቅርጫቱ መውጣት አቅቷት እግሯን እያወራጨች ስትስቅ ምሳ ሰዓቱ አለቀ።

በሚቀጥለው ቀን አጣፊው ተራው ሆነ። አጣፊው ዓይነ አፋር ነው። ወደ ማሽኗ ተጠጋና «ይቅርታ» አላት።

«ምን ይቅርታ ትላታለህ፣ ግፋት እንጂ!»

«እናቴን ትመስለኛለች፣ እትዬ። እናቴን በዳሌ ልግፋ?»

ችካል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ያዘች። ለሥራው የሚሆነው ሰው ሰውነቱ ደልደል ያለ፣ ጊዜ የተረፈው፣ መማር የሚወድ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? ቀና ስትል አለቃው በቢሮው መስታወት በኩል ታያት፤ እስክሪብቶዎቹን በቀለማቸው እየለየ ነው።

«ካውያ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱስ?»

«አለቃ? ሥራ አግዙን ብትዪው ያን ጊዜውኑ ወገቡን ያመዋል።»

«ሥራ ማን አለ? ሥልጠና ነው የምንጠራው።»

ካውያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አጣፊው ሳይቀር ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ደንግጦም ዞር ብሎ አየ፣ የሌላ ሰው ሳቅ መስሎት።

ዝግጅቱ የጉድ ነው። አጣፊው በተቀደደ አንሶላ ላይ «የባልቴቷ አነሣስ የተግባር ሥልጠና» ብሎ በትልልቁ ጻፈና በልብስ መቆንጠጫ ሽቦው ላይ ሰቀሉት። የችካል ባል ከአሮጌ አንሶላ ቦርሳ ሰፋ፣ ከነማንገቻው፤ የሆስፒታሉ ማኅተም ልክ ፊት ለፊቱ እንዲውል አድርጎ። ካውያ ሻይና ብስኩት አመጣች። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ «ሠልጣኝ» የሚል ካርድም ተሠራ። ሰው ኃይል ኃላፊዋ ለመክፈቻ ንግግር ተጋበዙ፤ እሳቸውም ሥልጠና የተባለ ነገር ከበጀታቸው ሳይወጣ ሲደረግ አይተው ስለማያውቁ እየተገረሙ መጡ።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፤ አለቃው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ቦርሳውን ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«መርሐ ግብሩ የታለ?» አለ። «መጀመሪያ እኮ መተዋወቅ ነው።»

«አለቃ፣ እንተዋወቃለን እኮ!»

«ቢሆንም! ያለ ትውውቅ ሥልጠና አይጀመርም።»

ስለዚህ ተዋወቁ። አለቃው ተነሥቶ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ለራሱ ሠራተኞች ነገራቸው፤ ከዚህ ሥልጠና የሚጠብቀውም ልምድ መለዋወጥ መሆኑን አስረዳ። ኃላፊዋ በአጭሩ ከፈቱ። ችካል ባልቴቷ ፊት ቆመች። በሕይወቷ ሰው ፊት ቆማ አስተምራ አታውቅም።

«እ... ቁልፉን ይጫናሉ። ስታጉረመርም ጎኗን ይገፋሉ። አለቀ። ጥያቄ ያለው?»

አለቃው እጁን አወጣ። «የአገፋፉ መሠረተ ሐሳብ ምንድን ነው?»

«ዳሌ ነው።»

አለቃው «ዳሌ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

ከዚያ ወደ ተግባር ተገባ። መጀመሪያ በኃይል ገፋት። ባልቴቷ ጉርጉር ብላ በሥሯ በኩል የአረፋ ውሃ ተፋች፤ የኃላፊዋን ጫማ አለበሰችው። ኃላፊዋ «ኡ!» ብለው ዘለው የካውያ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ወጡ፤ እዚያው ቁጭ ብለው ብስኩታቸውን መብላት ቀጠሉ፣ ከላይ ሆኖ ማየቱ ይሻላል እያሉ። በሚቀጥለው ደግሞ ፈርቶ ነካ ብቻ አደረጋት።

«በር እያንኳኩ እኮ አይደለም፣ አለቃ! ልጅ ከእንቅልፉ ሲቀሰቀስ እንዴት ነው? ልክ እንደዚያ።»

«እኔ ልጅ ቀስቅሼ አላውቅም፣ ሚስቴ ናት የምትቀሰቅሰው።»

«እንግዲያው ዛሬ ሁለት ሙያ ይዘው ቤትዎ ይገባሉ።»

አለቃው ኮቱን አወለቀ። ከረባቱን ወደ ትከሻው ወረወረ። ዓይኑን ጨፈነና «ተነሺ እሜቴ» ብሎ ገፋ አደረጋት።

ባልቴቷ አጉረመረመች። ጸጥ አለች። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንድ ድም የሚል ድምፅ መጣና ሆዷ መዞር ጀመረ።

ካውያ እልልታዋን ለቀቀችው። አጣፊው የታጠፈውን አንሶላ ሁሉ ወደ ላይ በተነው። ኃላፊዋ ጠረጴዛው ላይ ሆነው አጨበጨቡ። አለቃው «አያችሁኝ? አያችሁኝ?» እያለ በአንድ እግሩ ዞረ፤ ያን ያህል ዘመን ሲኖር በሠራው ሥራ ሰው ሲያጨበጭብለት የመጀመሪያው ነው።

ችካል ብቻ ክንዷን አጣምራ ቆመች። ባልቴቷ ለሌላ ሰው ስትነሣ ልቧን እንዲህ ይቆነጥጠኛል ብላ አልጠበቀችም። ልጇን ድራ በር ላይ የቀረች እናት ሆነች።

«ከዳተኛ» አለቻት በሹክሹክታ፤ የማሽኗን ጎን መታ መታ እያደረገች። ከዚያ ራሷን ሰማችና ከት ብላ ሳቀች።

አለቃው ያን ከሰዓት ባልቴቷን አቁሞ አስነሣ፣ አቁሞ አስነሣ። በመጨረሻ ኃላፊዋ ከጠረጴዛው ወርደው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ማሽኗን የሚያስነሡ ሁለት ሰዎች አሉን። ከሁለቱ አንዱ ቢሄድ ሥራ አይበደልም። እትዬ ለአዲሱ ማሽን ሥልጠና ልትሄድ ትችላለች፤ አለቃዋ ከፈረሙ።»

የአለቃው ሳቅ እንደ ሻማ እፍ አለ። ወደ ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ አየ፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አየ፤ ቀስ በቀስ ገባው።

«እኔ እኮ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ችካል እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፊቱ ቆመች።

«አለቃ፣ ያን ሐምራዊ ካናቴራ ሲያመጡት ከክፍሉ ልብስ ጋር ያጠብኩት እኔ ነኝ። ባጠብኩት ቁጥር ደረቱ ላይ ያለውን በጣቴ እየተከተልኩ አነብ ነበር። የተጻፈው ለኔ ነበር። ለብሶት የሚሄደው ግን ሌላ ሰው ነው። ያኔ ስቄ ዝም አልኩ። ዛሬ አልስቅም፣ ዝምም አልልም። ይፈርሙልኝ። ይሄ ካመለጠኝ ደንቡ ሁለተኛ አያስኬደኝም።»

አለቃው መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ፣ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረና፣

«ሳምንቱን ሙሉ ባልቴቷን የማስነሣው እኔ ብቻ ነኝ?» አለ።

«እርስዎ ብቻ።»

«ሌላ ሰው አይነካትም?»

«ይንካትና አሳየዋለሁ! ደውለው ይንገሩኝ ብቻ።»

አለቃው ካሉት እስክሪብቶዎች ሁሉ ወርቃማውን መረጠና ኃላፊዋ የዘረጉለትን ወረቀት እዚያው ባልቴቷ ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ማሽኗ ስለምትንቀጠቀጥ ፊርማው እንደ ማዕበል ወጣ።

የጉዞዋ ዕለት አውቶቡሱ ድረስ ሸኛት፤ ምክሩም አያልቅ።

«ስሚ፣ ከበሩ አጠገብ እንዳትቀመጪ፣ ነፋስ አለው። ከሥልጠናው ምን ትጠብቂያለሽ ሲሉሽ ልምድ ለመለዋወጥ በያቸው፤ ሁልጊዜ ይሠራል። ምሳ ሊደርስ ሲል ደብተርሽን አስቀድመሽ ክደኚ። ሰልፉ ይረዝማል!»

«እሺ አለቃ፣ እሺ። ይሂዱ አሁን፣ ባልቴቷ ትጠብቅዎታለች!»

አለቃው ሰዓቱን አየና በሩጫ ተመለሰ። ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ሲሮጥ ያየው ጥበቃ፣ እሳት የተነሣ መስሎት ተከትሎት ሮጠ።

የሥልጠናው አዳራሽ ሰፊ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ላይ ያ አዲስ ማሽን እያብረቀረቀ ቆሟል። ችካል የፊቱን ወንበር ያዘች። ወጣቱ አሠልጣኝ ከሥልጠናው ምን እንደሚጠብቁ በየተራ ጠየቃቸው። ልምድ ለመለዋወጥ አለ አንዱ። ልምድ ለመለዋወጥ አለ ሌላውም። ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ደረሰ፤ ተነሣች።

«እኔ እንኳ የምለውጠው ልምድ አልያዝኩም። ይሄን ማሽን ልታሳዩኝ ነው የመጣሁት። እስክችለው ድረስ ከዚህ አልነቀልም።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም አብራቸው ሳቀች።

ምሳ ሲደርስ ደብተር ሁሉ ጧ ጧ እያለ ተከደነ፣ ወንበር ተንኳኳ፣ አዳራሹ ባዶ ሆነ። አሠልጣኙም ለመውጣት ሲያቆበቁብ ችካል እጅጌዋን ሰብስባ ክንዱን ያዘችው።

«ምሳው አይሸሽም፣ ልጄ» አለችው፣ ወደ ማሽኑ እየጎተተችው። «ና፣ እስቲ ይቺኛዋን ቁልፍ ልጫናትና ምን እንደምታደርግ እንይ።»